ለስኳር ብለን የተፋታን ጊዜ

እኔ የሺሃረግ፣ ለአንድ ካርድ ስኳር ብዬ ባሌን የፈታሁ ሴት ነኝ። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ቦንጋ የነበረ ሰው ግን ብዙ አይስቅም፤ ትንሽ ፈገግ ብሎ ይተወዋል።

ባሌ ሀብተሥላሴ ቡና ሰብሳቢ ነበር። ከማንኪራና ከዋጫ ገበሬዎች እየገዛ ለጅማ ነጋዴዎች ያስረክባል። አንድ እፍኝ ቡና አፍንጫው ሥር አድርጎ ዝናብ የነካውን ካልነካው ይለያል፤ በዚህ ሙያው ይኮራ ነበር፣ እኔም እኮራበት ነበር። ከዚያ ቡናውን የገበሬዎች ማኅበር ይረከበው ተባለ፣ የሀብቴ የንግድ ፈቃድ ሳይታደስ ቀረ፣ የጅማ መንገድ ኬላ ጆንያ እያስፈታ መፈተሽ ጀመረ። ሀብቴ ቤት ዋለ። ሥራ የፈታ ባል ቤት ያዋለች ሴት ታውቀዋለች፤ ወንበር ከዚህ ወደዚያ ሲያዛውር፣ ያልተበላሸ በር ሲጠግን ይውላል። በመጨረሻ ስለ ድስቴ ክዳን ሳይቀር አስተያየት ይሰጠኝ ጀመር።

የምንኖረው እንግዲህ በእኔ ሻይ ቤት ሆነ። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ የምትይዝ ቤት ናት። ደንበኞቼ አስተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞችና መኪና የሚጠብቁ መንገደኞች ነበሩ። ሻይ ያለ ስኳር አይሸጥም። «ማር በሞላበት አገር ስኳር ምን ያደርግልሻል?» የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬው ነበር። አንድ ጠዋት በማር አድርጌ ባቀርብ አስተማሪዎቹ ብርጭቆውን አሸተቱና «እትዬ የሺ፣ ጉንፋን የያዘን መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ። ማሩም ቢሆን ገና ገበያ ሳይደርስ ጠጅ ቤቶቹ ይሻሙበታል።

ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ብቻ ነበር፣ ያውም በካርድ፣ ያውም ለአንድ ቤተሰብ አንድ ካርድ። የአንድ ቤተሰብ ስኳር ሻይ ቤቴን አሥር ቀን አያደርሳትም። የቀረውን ሃያ ቀን ባዶ ብርጭቆ እያጠብኩ እቀመጣለሁ። ከጎረቤት ካርድ የገዛች አንዲት ሴት የኢኮኖሚ አሻጥር ሠራች ተብላ ሁለት ወር ከታሰረች ወዲህ ደግሞ ስኳርሽን ሽጭልኝ ማለት ራሱ አስፈራ።

በዚያው ዓመት አማቴ ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በታችኛው ሰፈር ያለችው ቤታቸው ባዶዋን ቀረች። አርባቸው ሳይወጣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ግዛቸው መጣና ቤቷን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ጓድ ሀብተሥላሴ፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ቤት መያዝ አይችልም። ይህ ትርፍ ቤት ነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ዓይናችንን ማየት ፈርቶ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሀብቴ ብርጭቆ ስወለውል አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«የሺ፣ ብንፋታስ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ወረቀት ላይ ነው እኮ የምልሽ። እኔ እናቴ ቤት እገባለሁ። ቤቷ ከመወረስ ትድናለች። እኔም እንደ አንድ ቤተሰብ ተቆጥሬ ካርድ አወጣለሁ፣ ስኳሩን ላንቺ አመጣለሁ። ክፉ ቀን ሲያልፍ መልሰን እንፈራረማለን። የተጋባነው በሰማንያ ነው፣ ቁርባን የለብን። ወረቀት ያሰረውን ወረቀት ቢፈታው ምን አለበት?»

ሐሳቡ የእሱ ነው፤ እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ከስንት ወር በኋላ ባሌ ፊት ላይ የሥራ መልክ አየሁ፣ ቡና ሊጭን የሚወጣ መስሎ ነበር የሚናገረው።

ነገሩን ለጎረቤቴ ለሀጂራ ብቻ ነገርኳት። ሀጂራ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጨው፣ ክብሪትና ፋኖስ የምትሸጥ፣ ሱቋ ከባዶነቱ የተነሣ ድምፅ የሚያስተጋባ ሴት ናት። ሰምታ ስታበቃ አልሳቀችም።

«በእኛ ሃይማኖት በዚህ ነገር አይቀለድም። ወንድ ሚስቱን በቀልድም ቢፈታ ፈታ ነው» አለችኝ።

«በእኛ ደግሞ ማኅተም ካልተመታ ምንም የለም» አልኳት። ማኅተሙ እንደሚመታ ረስቼ።

የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ዝም ብሎ አያፋታም። ባልና ሚስት በራሳቸው ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፣ «አቅቶናል» ብለው ሲፈርሙ ብቻ ነው የፍቺ ወረቀት የሚጻፈው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። ጆሮው የማይሰማ ወይም ቶሎ የሚሰለች ሽማግሌ ብንመርጥ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እኛ የመረጥነው ግን ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነበር። ሌላ ምን እናድርግ? ያጋቡን እሳቸው፣ የአማቴን ሬሳ ያስገነዙት እሳቸው፤ እሳቸውን ትቶ ሌላ መጥራት በቦንጋ ስድብ ነው፣ ዓመት ሙሉ የማይረሳ ቅያሜ ያመጣል። ይሉኝታ ያዘንና በዕድሜያቸው አንድም ባልና ሚስት ሳያስታርቁ ቀርተው የማያውቁትን ሰው ለውሸት ፍቺ መረጥን።

የመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ በእሳቸው ጓሮ፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር ነበር። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በየተራ ጠየቁን። ሀብቴ «ምላሷ ያቃጥላል» አለ። እኔ «ያንኮራፋል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ልጆቼ» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ «በዚህ የሚፋቱ ከሆነማ ቦንጋ ውስጥ ባለትዳር አይተርፍም።» ከቤት አንድ ቅል ማር አስወጡና «አብራችሁ ብሉ» ብለው ሰጡን። ቤት ገብተን ማሩን በጣታችን እየቀመስን ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆነን አልሳቅንም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጠንከር ለማድረግ ተስማማን። እሱ «እናቴን አታከብርም ነበር» ሊል፣ እኔ ደግሞ «ይጠጣል» ልል። ጋሽ ወልደአማኑኤል እጃቸውን አነሡ። «ሟቿ ነፍሷ ሊወጣ ሲል አጠገቧ ነበርኩ። የሺን አደራ ነው ያለችኝ። አንተም ብትሆን ጠጅ አንድ ብርሌ ስትጨርስ እንቅልፍህ እንደሚመጣ ከተማው ያውቃል። በሉ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ሌላ ነገር ከሌላችሁ የሚቀጥለው ሳምንት እናስታርቃችኋለን።»

የአዲስ ካርድ ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ጓድ ግዛቸውም ቤቷን በመዝገብ ሊያስገባ ቀን ቆርጧል። መንገድ ላይ ሀብቴን «ምን ልትል ነው?» አልኩት። «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ አንድ ነገር እላለሁ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሀብቴ ጠብ የሚል ነገር ተናገረ። ከተቀመጠበት ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፦

«ልጅ የለንም። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። መውለድ አትችልም፣ ጅማ ድረስ ወስጄ ሐኪም አይቷታል። ዘሬን ሳላይ ልሙት ወይ?»

የሳቀ ሽማግሌ የለም። 

እዚህ ላይ ሌላ ሰው የማይመለከተውን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። በስድሳ ስምንት ጅማ ሄደን ነበር፣ ሁለታችንም ተመርምረናል። ውጤቱ በወጣበት ቀን ሀብቴ የመኪና ቲኬት ሊይዝ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ፈረንጅ ስለሆነ ረዳቱ ድሬሰር ነው ወረቀቱን አንብቦ በአማርኛ የነገረኝ። በእኔ በኩል ምንም ችግር የለም። ችግሩ በባለቤቴ በኩል ነው፣ ተስፋም የለውም። ድሬሰሩ «ቀስ ብለሽ ንገሪው» አለኝ። ሀብቴ ቲኬቱን ይዞ ሲመለስ ፊቱን አየሁት። እንደ ተማሪ ነበር የቆመው፣ ወደቅህ ወይም አለፍህ እንዲባል የሚጠብቅ። «በእኔ ነው» አልኩት። ወረቀቱን ቀድጄ መጸዳጃ ቤት ጣልኩት። ሀብቴ አቅፎኝ «እግዜር ያመጣውን ምን እናደርጋለን፣ አንቺ ካለሽልኝ ይበቃኛል» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች አንድ ቃል ኖርኩ። የጎረቤት ሴቶች ሲያሽሟጥጡ ዝም የምለው፣ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ገንፎ ስቀምስ አንገቴን የማልደፋው በእሷ ነበር።

ያችን ቃል ነው ከእንሰቱ ሥር ቆሞ የበላት።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ረጥቧል። «ልጄ፣ እውነት ነው?»

እውነቱን ብናገር ባሌ እዚያው ሦስት ሽማግሌ ፊት ይዋረዳል፣ ማታውን ከተማው ሁሉ ይሰማል። ብዋሽ ካርዱም ቤቷም ይተርፋሉ። እንዲህ እያልኩ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። ምንም አላሰብኩም። ተናድጄ ነበር፣ አፌ ግን የለመደውን ተናገረ።

«አዎ፣ እውነት ነው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ሳያስታርቁ ሲፈርሙ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ሸንጎው ማኅተም መታበት።

ስንመለስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተለያይተን ነበር የምንሄደው፣ ለታይታ። ሰው ሲጠፋ ሀብቴ ተሻግሮ መጣ።

«ለብልሃት ነው የተናገርኩት። አልቀበል ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ድምፅህ ግን ተሰብሮ ነበር» አልኩት።

መልሶ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረ። ያን ቀን «ውሸቴን ነው» ቢለኝ፣ እየዋሸ እንኳ ቢለኝ፣ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። እሱ ግን መዋሸት አይችልበትም፤ በእኛ ቤት መዋሸት የምችልበት እኔ ነበርኩ።

ፍራሹን፣ አንድ ብርድ ልብስና የአባቱን ፎቶግራፍ ተሸክሞ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ካርድ አወጣ። ስኳሩንም እንደ ቃሉ አመጣልኝ። በየጠዋቱ እየመጣ የጥግ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ፊት «እትዬ የሺ፣ አንድ ሻይ» ይለኛል፣ ጠጥቶ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ይጠቅሰኝ ነበር። እኔ ሌላውን ደንበኛ እንደማይ ነበር የማየው። በራሱ ስኳር የተጣፈጠ ሻይ ገዝቶ ይጠጣል፤ ሀጂራ ይህን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትወጣ ነበር።

ሻይ ቤቷ ሃያ ቀን ትሠራ ጀመር። ሰው ገባ፣ ወጣ። እኔ ግን የሁለት ሰው እራት ሠርቼ የአንዱን ማፍሰስ አልተው አልኩ። ሰኞ ሰኞ የእሱን ሸሚዝ ለማጠብ ውኃ እቀዳለሁ፣ ባልዲው ሞልቶ ሸሚዝ የለም። አልጋው ሰፍቶኝ ጠርዝ ላይ እተኛለሁ። ሰው እየኖረበት ባዶ የሚሆን ቤት እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው።

እንዲህ አንድ ዓመት ሄደ። በሰባ አምስት የሰኔ ዝናብ ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጭቃውን እየረገጠ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«የሺ፣ በቃን። ካርዱም ቤቱም ይቅር። እንመለስ» አለኝ።

ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። እንድትረዱኝ እፈልጋለሁ፣ ልቤ ዘሎ ነበር። ግን ሌላ ቃል ነበር የምፈልገው። ሽማግሌ ፊት የተናገረውን እንዲያነሣልኝ፣ «በድዬሻለሁ» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። እሱ ደግሞ ከየት ያውቃል? እንደሱ እምነት የተናገረው እውነት ነበር። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የተናደድኩትም እኔ ነኝ።

«ሂድና ዘርህን የምታይባትን ፈልግ» አልኩት።

«የሺ...»

«ሂድ አልኩህ እኮ!»

ዝናቡ ላይ ትንሽ ቆመና ሄደ። ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ጀርባውን አየሁት። አንድ ጊዜ ቢዞር እጠራው ነበር። አልዞረም።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ያላስታረቁት አንድ ትዳር ሲቆጫቸው የኖረ ሰው ናቸው። ሴቲቱን መርዳት ባይችሉ ወንዱን ለመርዳት ቆርጠው ዋጫ ድረስ ሄዱና አልጣሽ የምትባል ልጅ አመጡለት። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ቁመናዋ ያማረ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ። ሠርጉ አምስት ጎረቤት የጠራ ነበር። እኔ ያን ቀን ሻይ ቤቴን አልዘጋሁም። ለምን እዘጋለሁ? ማን ሞተብኝ? እያልኩ ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ስሰብር ዋልኩ።

የጠዋት ሻዩንም ተወ፣ ስኳሩም ቀረ። በሕግ የራሱ ቤተሰብ ስኳር ነው፣ ምን እላለሁ? እንደገና የአሥር ቀን ሻይ ቤት ሆንኩ። ባልም አንድ ካርድም አንድ ነበር የነበረኝ፤ አሁን ካርዱ ብቻ ቀረ።

አልጣሽ በዓመቷ ወለደች።

ሀብቴ ራሱ ነው የነገረኝ። አስተማሪዎቹ በተቀመጡበት እንደ ልጅ እየሮጠ ገባና «የሺ! ወለድኩ! ሴት ልጅ!» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ እኔን ሊያጽናና መስሎት፣ «እግዜር ለአንቺም አያሳጣሽ» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት የማውቀው ፊት ነው፤ እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም።

እጄ ላይ የሻይ ማንኪያ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው። ድሬሰሩ ያለኝን ብደግምለት ያ ብርሃን ይጠፋል፣ አልጣሽ ወደ ዋጫ ትመለሳለች፣ እኔ ንጹሕ እሆናለሁ። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ፈረንጅም ይሳሳታል። ወይም ደግሞ አልጣሽ... እሱን እግዜር ያውቃል።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ስኳር አልቆብኝ በሩን ገርበብ አድርጌ በተቀመጥኩበት ቀትር፣ አልጣሽ ልጇን ታቅፋ መጣች። ከዚያ በፊት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የጥግ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። የማቀርብላት ነገር አልነበረኝም፣ ውኃ ሰጠኋት። አልጠጣችውም።

«እትዬ የሺ» አለች፣ «ጅማ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ነበር አሉ።»

«ሄደን ነበር።»

«ሁለታችሁንም ነው ያያችሁ?»

«ሁለታችንንም።»

ልጇን ጠበቅ አደረገቻት። ከንፈሯ ደርቋል። «ሐኪሙ... ስለ ማን ነበር የተናገረው?»

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገባኝ። እንደገባኝም ገባት። ይህን የምትጠይቅ ሴት መልሱን የምትፈራ ሴት ናት። ሁለታችንም ልጅቷን አየናት። የማንንም አትመስልም ነበር፤ የሁለት ወር ልጅ የምትመስለው የሁለት ወር ልጅ ነው። እጇን ከጨርቁ አውጥታ አየሩን ትጨብጣለች።

ቅናት አልነበረብኝም ብዬ አልዋሽም። አንጀቴን አሳርሮኛል። ለእኔ አሥራ አንድ ዓመት የተዘጋ በር ለዚህች ልጅ በምን እንደተከፈተ ሳስብ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ደግሞ አየኋት። ብቻዋን ናት፣ ከአገሯ ርቃ፣ የሚጠይቃት እናት እንኳ አጠገቧ የለችም። ይህን ፍርሃት ተሸክማ ከታችኛው ሰፈር እስከ እኔ ድረስ በእግሯ መጥታለች። በዚያ ከተማ ውስጥ የእኔን ያህል ብቻዋን የሆነች ሴት ያኔ አገኘሁ።

«በእኔ ነው ያለው» አልኳት። «በእሱ ምንም የለም አለ። ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ከወንበሯ ወርዳ ጉልበቴን ሳመችው። እንባዋ ቀሚሴን አረጠበው።

«ተነሺ! ልጅቷ ትወድቃለች፣ ምን ሆነሻል?» ብዬ ተቆጣኋት። ሳልቆጣ ብቀር አብሬያት ማልቀሴ ነበር።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ «ክርስትና ያንሡልኝ» አለችኝ። «እሱም ይፈልጋል። እርስዎን መጠየቅ ግን አፍሮ ነው።»

ቀን ስጪኝ አልኳት።

ማታውኑ ለሀጂራ ነገርኳት፣ የጅማውን ትቼ። ሀጂራ የእኛን ወግ ከብዙ ክርስቲያን በላይ ታውቃለች፣ ቦንጋ ተወልዳ ያደገች ናት። «ክርስትና ካነሣሽማ አበልጅሽ ሆነ ማለት ነው» አለች። «አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም፣ እንደ ወንድምሽ ነው። ነገ እሷ ብትሞት፣ ወይ ብትሄድ፣ እሱም እንመለስ ቢልሽ፣ አይቻልም። ይህን አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«እስካሁን ትጠብቂው ነበር አይደል?»

እጠብቀው ነበር። አዲስ ሚስት ካገባ በኋላ እንኳ እጠብቀው ነበር፣ ይህ ነው እውነቱ። በሩ በተገፋ ቁጥር እሱ ነው እያልኩ ቀና እላለሁ፤ ዳቦ የሚጠይቅ መንገደኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ያልጠበቅሁ መስዬ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀና ማለት ሰውን ያደክማል። ደከመኝ። ደግሞም በዚህች ምድር ላይ አንድ ሰው እናቴ ሊለኝ የሚችልበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ይህን ስል ሆዴ ይባባል፣ ግን እንዲሁ ነው።

ልጅቷ ሰማንያ ቀን በሞላት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጉሙ ገና ከዛፎቹ ላይ አልተነሣም ነበር። አልጣሽ ልጇን ሰጠችኝ፣ ታቀፍኳት። ከጠበቅኳት በላይ ትከብዳለች። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ስለ ልጅቷ ሰይጣንን ካድኩ። ወደ ምሥራቅ አዞሩኝና ስለ እሷ አመንኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ስለነበር እሪ አለች። ተቀብዬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ሳደርጋት ዝም አለች። በእኔ ዝም አለች። ማዕተቧን አንገቷ ላይ ሲያስሩላት ጭንቅላቷ ሥር የያዘው እጄ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከሩቅ እጃቸውን አንሥተው መረቁኝ። ማስታረቅ ያቃታቸውን ትዳር በመጨረሻ ያስታረቁ መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል።

ሀብቴ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጫማውን ወልውሎ። ልጅቷን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ስሰጠው ጣቶቻችን ተነካኩ። ወደ ታችኛው ሰፈር ከወረደ ወዲህ ነክቶኝ አያውቅም። ቀና ብሎ አየኝ፣ አፉን ከፈተ፣ ግን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ጠፋው። የሺ ማለት ጀመረና ተወው። እትዬም ለማለት አልደፈረም። አልጣሽ ከኋላው ቆማ ታየናለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ» አለ በመጨረሻ።

ሸንጎው ያፈረሰውን ሸንጎ ይመልሰው ነበር። ይህኛውን ግን የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ልጁን አስታቅፌ።

«ምንም አይደል፣ አበልጄ» አልኩት።